ከፊልም የተቀዳ የቆየ የእጅ ጌም አጨዋወት፦ የሃሪ ፖተር አርፒጂ በጌም ቦይ ከለር

ከታዋቂ ፊልሞች የሚቀዱ ጌሞች በአብዛኛው ጥሩ ስም የላቸውም። ፊልሙ ለዕይታ በሚበቃበት ሰሞን ገበያ ላይ እንዲደርሱ በጥድፊያ ስለሚሠሩ ከፊልሙ ስምና ከሽፋኑ ሥዕል ውጪ እምብዛም ፍሬ የላቸውም የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ከመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ፊልም («ሃሪ ፖተርና የፈላስፋው ድንጋይ») ጋር ጌም ቦይ ከለር ለተባለው የኒንቴንዶ የእጅ ጌም መጫወቻ የወጣው ጌም ግን ከዚህ ወቀሳ ሊወጣ የሚገባው ሥራ ነው። ግሪፕቶናይት ጌምስ የተባለው ድርጅት ሠርቶት በኤሌክትሮኒክ አርትስ የታተመው ይህ ጌም እየተሯሯጡ የሚዘሉበት ሳይሆን ውጊያው ተራ በተራ የሚካሄድበት፣ ገጸ ባሕርዩ በልምድ ነጥብ ደረጃውን እያሳደገ የሚሄድበት ሙሉ አርፒጂ (የገጸ ባሕርይ ሚና የሚጫወቱበት ጌም) ነው። ታሪኩን አብዛኛው ሰው ስለሚያውቀው ጌሙ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ተጫዋቹን የሚፈትነው ታሪኩ ሳይሆን በአንዱ ትዕይንትና በሚቀጥለው መካከል የሚደረገው ዝግጅት ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያም በዋናነት የሚያተኩረው በዚያ ዝግጅት ላይ ነው።

ትክክለኛውን ጌም ስለ መለየት

በዚያው ዓመት በተመሳሳይ ስምና በተመሳሳይ ሽፋን የወጡ፣ እርስ በርስ ግን የማይገናኙ በርካታ ጌሞች አሉ። የፕሌይስቴሽኑና የኮምፒውተሩ ጌሞች ሃሪን ከኋላው እየተከተሉ የሚያሯሩጡባቸው የጀብዱ ጌሞች ሲሆኑ፣ የጌም ቦይ አድቫንሱም ቢሆን ከላይ ወደ ታች እየታየ በእንቆቅልሽና በቅልጥፍና ላይ የተመሠረተ ነው። ተራ በተራ የሚዋጉበት የጌም ቦይ ከለሩ ብቻ ስለሆነ፣ ሲገዙም ሆነ ከሰው ሲዋሱ ከስሙ ይልቅ ለየትኛው መሣሪያ እንደተሠራ ይመልከቱ። በአሜሪካ የተሸጠው ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘው፣ መሣሪያው ውስጥ የሚሰካው ሳጥን) በሌላው ዓለም ከተሸጠው የተለየ ርእስ ቢኖረውም ጌም ቦይ የአገር ገደብ ስለሌለው ከየትም የመጣ ካርትሪጅ በየትኛውም ጌም ቦይ ከለር ላይ ይሠራል።

ይህ የስም መመሳሰል በሌሎች የፊልም ጌሞችም ላይ ይታያል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ፦ ሦስተኛው ዘመን» በትልልቆቹ ኮንሶሎች ላይ አርፒጂ ሲሆን፣ በጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ግን ወታደሮችን በሰሌዳ ላይ የሚያሰልፉበት የጦር ስልት ጌም ነው።

መሣሪያውና ካርትሪጁ

ጌም ቦይ ከለር በሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ለ10 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል። ስክሪኑ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ስለዚህ በመስኮት አጠገብ ወይም ከትከሻ በላይ በሚያበራ መብራት ሥር ካልሆነ በቀር ታሪኩ የሚካሄድበትን የአስማት ትምህርት ቤት፣ የሆግዋርትስ ቤተ መንግሥትን፣ ጨለማ ጨለማ የሆኑ ምድር ቤቶች ለማየት ዓይን ያደክማል። ይህንን ጌም በምቾት ለመጫወት ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ነው፤ ካርትሪጁን ያለ ምንም ችግር ይቀበላል፣ የስክሪን ብርሃን አለው፣ ባትሪውም በቻርጅ ይሞላል። በአድቫንስም ሆነ በኤስፒ ላይ ሲጫወቱ በትከሻው ላይ ካሉት ኤልና አር ቁልፎች አንዱን ቢጫኑ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ስክሪኑን ይሞላል፤ ሰፊ ቢመስልም ጽሑፉን ስለሚያዛባው በመጀመሪያው ቅርጹ መተው ይሻላል። በአንጻሩ ኒንቴንዶ ዲኤስና ጌም ቦይ ማይክሮ የጌም ቦይ ከለር ካርትሪጅ አይቀበሉም።

ከሁሉ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት ግን የካርትሪጁ የማስታወስ ችሎታ ነው። የዚያ ዘመን የጌም ቦይ ካርትሪጆች ሴቭ የተደረገውን (በኋላ ለመቀጠል የተቀመጠውን ጨዋታ) በአብዛኛው የሚይዙት በውስጣቸው በተበየደች፣ የሳንቲም ቅርጽ ባላት ትንሽ ባትሪ ነው፤ እሷ ከሞተች ጌሙ ይሠራል እንጂ ሲያጠፉት ሁሉንም ይረሳል። ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ባትሪ ደግሞ የማትታመን ናት። ስለዚህ ጌሙን እንዳገኙ ጥቂት ተጫውተው ሴቭ ያድርጉ፣ ያጥፉት፣ ካርትሪጁንም አውጥተው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያሳድሩት፤ መልሰው ሲከፍቱት ሴቩ ካለ ይቀጥሉ፣ ከሌለ ባትሪዋ መቀየር አለባት። መቀየሩ ብየዳ ይጠይቃል። ባትሪዋ ስትነሳ በውስጧ የነበረው ሴቭ ስለሚጠፋ፣ ካርትሪጁ ገና በደህናው ጊዜ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ቢቀየር ይመረጣል።

ጌሙ አልነሳ ካለ ወይም በስክሪኑ ላይ የተመሰቃቀለ ምስል ካሳየ በአብዛኛው ጥፋቱ በካርትሪጁ ጥርሶች ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ነው። የጆሮ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል በስሱ ነክረው ጥርሶቹን ይጥረጉ፣ በደንብ እስኪደርቅም ይጠብቁ። በአፍ እፍ ማለት የተለመደ ቢሆንም የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን ስለሚያዝገው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ሌላው መታወቅ ያለበት በገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩ ካርትሪጆች መኖራቸው ነው። የጌም ቦይ ካርትሪጅ ከጀርባው የሚታሰረው ተራ መፍቻ በማይፈታው ልዩ ቡሎን በመሆኑ፣ በዚያ ቦታ የመስቀል ምልክት ያለበት ተራ ቡሎን ካዩ ይጠርጥሩ፤ አስመስለው የተሠሩት ከሁሉ ቀድሞ የሚያስቸግሩት በሴቭ ነውና።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ መንገድ አለመጥፋት

የጌም ቦይ ከለር ስክሪን ስፋት 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነው። በዚህች ትንሽ መስኮት በአንድ ጊዜ የሚታየው የኮሪደር ቁራጭ ወይም የክፍል ጥግ ስለሆነ፣ እርስ በርሳቸው በሚመሳሰሉት የሆግዋርትስ መተላለፊያዎች ውስጥ መጥፋት ቀላል ነው። ፊልሙን ደጋግሞ ያየ ሰው እንኳ በዚህ ረገድ አይጠቀምም፤ ፊልሙ ከአዳራሹ ወደ መማሪያ ክፍሉ በአንድ ቅንብር ሲሻገር፣ በጌሙ ውስጥ ያንን መንገድ በእግር መሄድ ያለበት ተጫዋቹ ነው። በወረቀት ላይ ሳጥን በሳጥን እየሳሉ ካርታ ማዘጋጀት አሮጌ ልማድ ቢመስልም ዛሬም የሚተካው የለም። ክፍሎቹን በሙሉ መሳል አያስፈልግም፤ ደረጃዎችን፣ የተቆለፉ በሮችንና ገና ያልተፈቱ ነገሮችን ብቻ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። አዲስ ድግምት በተማሩ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለከቱት ያንን ምልክት ነው።

የዘመኑ ጌሞች ተጫዋቹ ወዴት መሄድ እንዳለበት በቀስት ያመለክታሉ። የዚያ ዘመን ጌሞች እንዲህ አያባብሉም፤ መመሪያው የሚሰጠው በንግግር ውስጥ ነው፣ ንግግሩን በጥድፊያ ኤ ቁልፍን እየደበደበ ያለፈ ሰው ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚጠበቅበት ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ያናግሩ፣ ንግግሩ የተለወጠ እንደሆነም ለማየት ሁለተኛ ጊዜ ይጠይቁ፣ ታሪኩ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥርም ቀድሞ ያናገሯቸውን መልሰው ያነጋግሩ። ጌሙን ከማጥፋትዎ በፊት የመጨረሻውን መመሪያ በአንድ መስመር ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ ከየት እንደሚጀምሩ አይቸገሩም።

ውጊያው

የጨዋታው ልብ ይህ ነው። ሃሪ ሁለት ዓይነት ነጥብ አለው፦ አንዱ የጽናት ነጥብ ነው፣ ይህ ካለቀ ይሸነፋል፤ ሌላው የአስማት ነጥብ ነው፣ ይህ ካለቀ ድግምት መወርወር አይችልም። በውጊያ ላይ ተራው ሲደርስ ድግምት ይመርጣል፣ ወይም የሚያድን ነገር ይጠቀማል፤ ባላጋራውም በተራው ይመታል። ጣት መፍጠኑ ምንም አይለውጥም፤ የሚለውጠው ቁጥሮቹን ማንበብ ነው፣ ለዚህም በአእምሮ የሚሠራ ቀላል ሒሳብ ይበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። አንድ ባላጋራ በአንድ ምት ከ7 እስከ 12 የጽናት ነጥብ የሚቀንስ ከሆነ፣ ተጫዋቹ ማሰብ ያለበት በአማካዩ ሳይሆን በትልቁ ቁጥር፣ በ12 ነው። የቀረው ነጥብ 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያለ ማመንታት መፈወስ አለበት፤ ከ12 በላይ ከሆነ ግን መፈወስ የተራ ብክነት ነውና ማጥቃቱን ይቀጥል። ባላጋራዎቹ ሁለት ሲሆኑ ድንበሩ ወደ 24 ከፍ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በእጅዎ ያለው መድኃኒት 20 ነጥብ የሚመልስ ከሆነና ሁለቱ በአንድ ዙር እስከ 24 የሚወስዱ ከሆነ፣ መድኃኒቱን በየተራው መጠጣት ሽንፈትን ከማዘግየት ያለፈ ፋይዳ የለውም። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ገና ነጥቡ ሳይወርድ አንዱን በፍጥነት ጥሎ የሚመቱትን እጆች ቁጥር መቀነስ ነው።

ይህም ወደ ሌላው መሠረታዊ ነገር ያመጣናል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱትም ይህንኑ ነው። ሁለት ባላጋራዎች እያንዳንዳቸው 30 ነጥብ ቢኖራቸውና የእርስዎ ድግምት 10 የሚቀንስ ቢሆን፣ ሁለቱንም ለመጣል በማንኛውም መንገድ 6 ተራ ያስፈልጋል። ነገር ግን እርስዎ በቅድሚያ የሚመቱ ከሆነ፣ አንዱን እስኪወድቅ ድረስ መትተው ወደ ሌላው ቢሄዱ በጠቅላላው 7 ምት ይቀበላሉ፤ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እያፈራረቁ ቢመቱ ግን 9 ምት ይቀበላሉ። ድካሙ አንድ ሆኖ ሳለ የሚደርሰው ጉዳት ይለያያል። የቆሰለ ባላጋራ እስኪወድቅ ድረስ እንደ ጤነኛው እኩል እንደሚመታ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሃሪ በመጀመሪያ የሚይዘው ድግምት ፍሊፔንዶ ነው፤ ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ እንደ ኢንሴንዲዮ ያሉ ሌሎች ይጨመራሉ፣ እንደ ፍሊፔንዶ ዱዎ ያሉ የቀድሞዎቹ ጠንካራ ዓይነቶችም አሉ። አዲስ ድግምት ሲገኝ አሮጌውን እርግፍ አድርጎ የመተው ፈተና አለ፤ አይተዉት። የድግምት ዋጋ የሚለካው በሚያደርሰው ጉዳት ብቻ ሳይሆን ለዚያ ጉዳት በሚፈጀው የአስማት ነጥብ ጭምር ነው። በ2 ነጥብ 10 የሚጎዳ ድግምት ለእያንዳንዱ ነጥብ 5 ሲመልስ፣ በ6 ነጥብ 24 የሚጎዳው 4 ብቻ ይመልሳል፤ ስለዚህ ለተራ አውሬ ርካሹ ይበቃል፣ ውዱ የሚያዋጣው ውጊያውን ቶሎ መጨረስ ግድ ሲሆን ነው። 8 ነጥብ ብቻ የቀረውን አይጥ በትልቅ እሳት ማቃጠል ደግሞ ግልጽ ብክነት ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ባላጋራዎች ለአንዱ ዓይነት ድግምት ደካማ፣ ለሌላው ብርቱ ናቸውና፣ አዲስ ፍጡር በገጠመዎ ቁጥር ያሉዎትን ድግምቶች አንድ አንድ ጊዜ ሞክረው ውጤቱን በማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። በሁለት ዓምድ የተጻፈች ሠንጠረዥ፣ በአንዱ የፍጡሩ ስም በሌላው ምርጡ ድግምት፣ ከየትኛውም መድኃኒት የበለጠ ታድናለች።

ደረጃ ማሳደግን በተመለከተ ሁለት ጫፎች አሉ። አንዳንዱ እያንዳንዱን ውጊያ እየሸሸ ወደ ታሪኩ ይሮጥና ትልቁ ባላጋራ ፊት ሲደርስ አቅም ያጣል፤ ሌላው ደግሞ በአንድ ኮሪደር ውስጥ ለሰዓታት እየተመላለሰ ጨዋታውን ወደ ቀን ሥራ ይለውጠዋል። መካከለኛው መለኪያ ይህ ነው፦ በአካባቢው ያለውን ተራ አውሬ በአንድ ወይም በሁለት ድግምት መጣል ከቻሉ ዝግጅትዎ በቂ ነው፣ ወደፊት ይሂዱ። አራትና ከዚያ በላይ የሚፈጅብዎ ከሆነ ጥቂት ይቆዩ። ሙሉ አቅም ይዞ መዋጋትና ነጥቡ ሲያንስ ሳያፍሩ ሸሽቶ መመለስም የዕቅዱ አካል ነው።

የጠንቋዮቹ ካርዶች

በጌሙ ውስጥ የታዋቂ ጠንቋዮች ካርዶች በየቦታው ይገኛሉ። ካርዶቹ ለጌጥ ያህል የሚሰበሰቡ ሳይሆኑ መሣሪያ ናቸው፤ የተወሰኑ ካርዶች በአንድነት ሲቀናጁ በውጊያ ላይ የሚያገለግል ውጤት ይሰጣሉ። ብዙ ተጫዋቾች ቅንጅቶቹን ዘንግተው በድግምት ብቻ ጌሙን ይጨርሳሉ፤ ይህም ከጌሙ ግማሹን ደስታ መተው ይመስለኛል። አንድ ቅንጅት ሲያገኙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት በትልቁ ባላጋራ ፊት አይሁን፤ በደካማ አውሬ ላይ ሞክረው ምን እንደሚያደርግ ካወቁ በኋላ ለክፉ ቀን ያቆዩት። ካርድ ለማግኘት ደግሞ ጥግ ጥጉን መፈተሽ፣ ወደ ግድግዳ ቀርቦ ኤ ቁልፍን መጫንና ከመንገድ የወጡ ክፍሎችን አለማለፍ ያስፈልጋል።

ፊልሙን እንደ ማስጠንቀቂያ መጠቀም

ከፊልም የተቀዳ ጌም ለተጫዋቹ የሚሰጠው ልዩ ጥቅም ወደፊት የሚመጣውን ማወቁ ነው። በሌላ አርፒጂ ውስጥ ከበር ጀርባ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ እዚህ ግን በሃሎዊን ምሽት ግዙፉ ትሮል እንደሚለቀቅ፣ በታሪኩ መጨረሻም ከወጥመዱ በር ሥር ተከታታይ ፈተናዎች እንደሚጠብቁ ፊልሙን ያየ ሁሉ ያውቃል። ይህንን ዕውቀት በተግባር ማዋል ማለት በታሪኩ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር እየቀረበ እንደሆነ ሲረዱ ቆም ብሎ ሦስት ነገር ማድረግ ነው፦ የጽናትና የአስማት ነጥቦችን መሙላት፣ የሚያድኑ ነገሮችን ቆጥሮ የጎደለውን ማሟላት፣ ከዚያም ሴቭ ማድረግ። የበዓሉ ግብዣ ወይም የምሽት ድግስ ወሬ በገጸ ባሕርያቱ አፍ መዘውተር ከጀመረ ለዚህ ዝግጅት ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ፊልሙ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። በፊልሙ ሃሪ ከትሮሉ የሚተርፈው በጓደኞቹና በዕድል ነው፤ በተራ በተራ ውጊያ ግን የሚያተርፈው ቀድሞ የተጠራቀመ ነጥብ ነው። በትልልቅ ውጊያዎች ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተራዎች ለማጥናት ይጠቀሙባቸው፦ ባላጋራው በአንድ ምት ምን ያህል ይወስዳል፣ የትኛው ድግምት ይሰማዋል፤ ከዚያ ከላይ የተገለጸውን የመፈወሻ ድንበር ያውጡና እስከ መጨረሻው ከእሱ አይዛነፉ። የሚያድኑ ነገሮችን «ለኋላ» እያሉ ማስቀመጥ የአርፒጂ ተጫዋቾች የታወቀ ሕመም ነው፤ በመጨረሻው ውጊያ ማግሥት በከረጢት የቀረ መድኃኒት ለማንም አይጠቅምም።

በኢሙሌተር ለሚጫወቱ

ካርትሪጁ ያለው ሰው ይዘቱን በማንበቢያ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ በኢሙሌተር፣ ማለትም የጌም መሣሪያውን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ሊጫወት ይችላል፤ ያልገዙትን ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ ግን በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ሕግን ይጥሳል። ምስሉ እንዳይደበዝዝ መጠኑን በሙሉ ቁጥር ያሳድጉት፤ ለምሳሌ 4 እጥፍ ሲሆን 640 በ576፣ 5 እጥፍ ሲሆን 800 በ720 ይሆናል። ኢሙሌተር በማንኛውም ቅጽበት ሁኔታውን የማስቀመጥ ችሎታ ይሰጣል፣ ሆኖም በየተራው እያስቀመጡ ያልወደዱትን ምት የሚሰርዙ ከሆነ ከላይ ያልነው ሒሳብ ሁሉ ትርጉም ያጣል፤ ጌሙ ራሱ በፈቀደው ቦታ ብቻ ሴቭ ማድረግ ውጊያውን እንደ ታሰበው ያቆየዋል። ያም ቢሆን የሴቭ ፋይሉን በሌላ ፎልደር ደጋግሞ መገልበጥ አይከፋም። በተለይ ወደ ወጥመዱ በር ከመውረድዎ በፊት አንድ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ከበሩ ሥር ዝግጅትዎ አንሶ ቢገኝ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመልሰው የጎደለውን የሚሞሉት ከዚያ ቅጂ ነው።